የድሮውን ቀጥ ያለ የጫካ መንገድ ላስጠግነው ወይስ አዲስ ላውጣ?

የዳገት ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ትቶልን ያለፈውን 30 ሄክታር ገደማ ደን አሁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ ወንድሞቼ ብቅ የሚሉት ፊርማ ሲፈለግ ነው። ደኑ በሙሉ ያለው አንድ ተዳፋት ላይ ነው። ከታች ዋናው መንገድ፣ ከላይ ሜዳማ ሸንተረር። ለመቆረጥ የደረሰው ዛፍ ደግሞ ሁሉም ላይኛው ጫፍ ላይ።

አባቴ ግንድ በትራክተር ያስጎትትበት የነበረ መንገድ አለ። ከታች ተነስቶ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። አሁን ግን መንገድ ለማለት ይከብዳል። መሃሉ ተቦርቡሮ ስቆምበት እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፣ ግራና ቀኝ የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል፣ የተጠረገው አፈር ታች ወርዶ ወንዟ ዳር ተከምሯል። ወንዟ ትንሽ ናት፣ ግን ዓመቱን ሙሉ አትደርቅም።

አንድ የዶዘር ባለቤት አምጥቼ አሳየሁት። «ቦረቦሩን ገፍቼ እሞላዋለሁ፣ ግራ ቀኙን አሰፋዋለሁ፣ ገረጋንቲ ታለብሺዋለሽ፣ አለቀ!» አለኝ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ያንን ቦረቦር የቆፈረው ነገር ነገም እዚያው ነው።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ግንድ የሚጭን መኪና ላይ ድረስ እንዲወጣልኝ፤ ያውም በየጥቂት ዓመቱ ነው እንጂ በየቀኑ አይደለም። ሁለተኛ፣ ተዳፋቱ ጎን ላይ ምንጭ አለች፤ እናቴ እዚያ ሄዳ መቀመጥ ትወዳለች፣ ጉልበቷ ግን አልታዘዝ ብሏታል። ለእሷ የሚሆን የእግር መንገድ ከመኪናው ጋር ይጋራ ወይስ ለብቻው ይውጣ? አዲስ መስመር የግድ ከሆነስ ማሽን ሳላስገባ በየት በየት እንደሚያልፍ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ሰውዬው «በጎረቤት ጥግ ትንሽ ብናልፍ ይቀለናል» ብሎኝ ነበር።

ሪባን አሳሪ፦

እህቴ፣ ልብሽ የነገረሽ ልክ ነው። ትራክተሩ ያደረገው ሣሩን ገፎ በጎማው ሁለት መስመር ማስመር ብቻ ነው፤ የቀረውን የሠራው ውሃው ነው። ሽቅብ ቀጥ ብሎ በወጣ መንገድ ላይ ውሃን ወደ ጎን ማስወጣት መከራ ነው፤ ጎኑ ከመንገዱ ዝቅ አይልማ። እየተቦረቦረ በሄደ ቁጥር ደግሞ ግራ ቀኙ ከፍ ይልና መንገዱ ራሱ ቦይ ሆኖ ያርፈዋል። ገረጋንቲ ብታለብሺው ውሃው ይዞት ይወርዳል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልል የሚችለው ድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ይሆናል የሚል የቆየ ስሌት አለ። ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ የሚወርድ ውሃ ምን ያህል እንደሚፈጥን ደግሞ የአንቺ ወንዝ ዳር ይመሰክራል። ስለዚህ ለእሱ መንገድ አንድ አካፋ ገረጋንቲ አታውጪ።

አዲሱ መስመር ተዳፋቱን አግድም እየቆረጠ ቀስ ብሎ የሚወጣ መሆን አለበት። ያኔ ምንጊዜም አንዱ ጎን ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው መውጫ አያጣም። ከ3 እስከ 8 በመቶ ያለው ዳገት ምርጥ ነው። እስከ 10 ድረስ አትፍሪ። ከ12 በላይ ለአጭር ርቀት ብቻ፣ እሱም አፈሩ ጠንካራ ከሆነ። 8 በመቶ ማለት በ100 ሜትር አግድም ርቀት 8 ሜትር መውጣት ነው። ብዙ የስልክ አፕ የሚያሳየው በዲግሪ ነውና እንዳይምታታብሽ፤ 8 ዲግሪ 14 በመቶ ነው፣ መኪናውም አፈሩም ልዩነቱን ያውቁታል። ፍጹም ሜዳ የሆነ መስመርም አያዋጣም፤ ከ2 በመቶ በታች ውሃ ይተኛበትና ማጥ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የግድ የምታልፊባቸውን ቦታዎች ለይ፦ ከዋናው መንገድ የምትገቢበት ቦታ (መኪና ከሩቅ የሚታይበት)፣ ላይ ግንድ የሚከመርበት ሜዳ፣ መኪና የሚዞርበት ቦታ። ከዚያ የግድ የምትርቂያቸውን፦ ረግረግ፣ የምንጭ ዙሪያ፣ ቋጥኝ፣ ወሰን። በመስመሩ ላይ ግንዳቸው ከሥሩ ጎበጥ ብሎ ከዚያ ቀጥ ያለ ዛፎች በብዛት ካየሽ እግርሽን ሰብስቢ፤ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ቀስ እያለ ቁልቁል የሚንሸራተት ነው፣ ዛፉ እየተቃና ነው ያደገው። እዚያ ላይ መንገድ ከቆረጥሽ ተዳፋቱን ከእግሩ ሥር ትነቅይዋለሽ።

ከዚያ ሪባን ነው፤ መስመሩን በየዛፉ ላይ በሚታሰር ባለ ቀለም ጨርቅ ማመልከት ማለቴ ነው። ክሊኖሜትር (በዓይን እያዩ ዳገት የሚለኩበት ትንሽ መሣሪያ) ተዋሺ፣ አንድ ሰው አስከትዪ። ለሰውየው በትክክል በዓይንሽ ቁመት ላይ ምልክት ያለበት በትር ስጪው። አንቺ ክሊኖሜትሩን 8 በመቶ ላይ ይዘሽ ታያለሽ፣ እሱ ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቆ ምልክቱ መስመርሽ ላይ እስኪያርፍ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። አረፈ? ሪባን ታስሪያለሽ፣ ወደ እሱ ትሄጃለሽ፣ ትቀጥያላችሁ። ከላይ ወደ ታች መምጣቱ ይሻላል፤ ከታች ስትጀምሪ ዳገቱ ያለቀ ይመስልሽና መጨረሻው ላይ ገደል ይቀርሻል። መሣሪያው ከጠፋ ከእንጨት ኤ ፍሬም ሥሪ፦ ሁለቱ እግሮች 2 ሜትር ተራርቀው አንዱን በ16 ሴንቲ ሜትር ታሳጥሪያለሽ፤ አጭሩን እግር ወደ ዳገቱ አድርገሽ ቱንቢው መሃል ላይ ሲያርፍ መሬቱ 8 በመቶ ነው ማለት ነው።

አንድ መስመር አስረሽ በቃኝ አትበይ። ሁለት ሦስት መስመር በተለያየ ቀለም እሰሪ፣ ጥሩ ዝናብ ሲጥል ቦት ጫማሽን አድርገሽ ሁሉንም ተመላለሺባቸው። ውሃ ከየት ወጥቶ የት እንደሚቋጠር በበጋ ማንም አይነግርሽም። እኔ ብዙ መስመር የጣልኩት ዝናብ ላይ ነው።

ከወንዟ ለመራቅ ይሄን ያዢ፦ ሜዳ ላይ 8 ሜትር፣ በየ1 በመቶው ተዳፋት ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ጨምሪ። ሕጉ ከዚህ ሊበልጥ ይችላልና ሳትጀምሪ ጠይቂ፤ ወንዝ መሻገር ካለ በብዙ ቦታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባትሻገሪ ግን ምን የመሰለ! ከደን ሥራ ወደ ወንዝ የሚገባው ደለል አብዛኛው ከመንገድና ከመሻገሪያ ነው እንጂ ከተቆረጠው ዛፍ ሥር አይደለም።

የድሮው መንገድ ስንት በመቶ እንደሆነና ከታች እስከ ላይ ያለውን ከፍታ ለክተሽ ብትመለሺ የበለጠ እንነጋገራለን።

ባለ ስካቫተር፦

የማሽን ሰዎችን በሙሉ በአንድ ሚዛን ባንመዝን ደስ ይለኛል። ያ ሰውዬ ባለ ዶዘር ነው፣ ዶዘር የሚያውቀው መግፋት ነው። ለተዳፋት ሥራ ስካቫተር ፈልጊ፤ አፈሩን አንስቶ የሚፈለግበት ያስቀምጣል፣ ጉቶውን ነቅሎ አራግፎ ለብቻው ያኖራል። ዶዘር ሁሉንም አንድ ላይ ቁልቁል ነው የሚያንከባልለው።

ቆመሽ የምታዪው ነገር፦ ጉቶ፣ ቅርንጫፍ፣ ጥቁሩ የላይ አፈር ሙሌቱ ውስጥ (ከተቆረጠው ወጥቶ በመንገዱ ቁልቁል ጎን የሚሞላው አፈር ማለቴ ነው) እንዳይገባ። አንዳንዱ ኦፕሬተር ቶሎ ስለሚሞላለት ይቀብረዋል። ለጊዜው አያስታውቅም። ዓመታት አልፈው እንጨቱ ሲበሰብስ ግን ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ የመንገዱ ውጫዊ ጠርዝ ከነመኪናው ይሰምጣል። ቅርንጫፉን ከሙሌቱ እግር ሥር በመስመር ደርድሮ በባልዲው ረገጥ ረገጥ ያድርግልሽ፤ ሙሌቱ እስኪረጋ ድረስ የሚወርደውን ደለል እዚያው ያስቀረዋል። ጥቁሩን አፈር ለይቶ አስቀምጦ በመጨረሻ የተቆረጠው ፊት ላይ ይመልሰው፣ ሣር ቶሎ ይይዛል።

ስፋት 4 ሜትር ይበቃሻል፣ መታጠፊያው ላይ ሰፋ ይበል። የሙሌቱ ዳር 1.5 አግድም ለ1 ቁመት ሆኖ ካልተኛ አይረጋም። ተዳፋቱ ራሱ 60 በመቶ ከደረሰ ሙሌት የሚባል ነገር እርሺው፣ መንገዱ በሙሉ በቆረጣ ላይ ይቀመጣል፣ ትርፉ አፈር ተጭኖ ይወጣል።

ውሃን በተመለከተ፣ ለአንቺ ዓይነት በየጥቂት ዓመቱ ለሚነዳ መንገድ ከሥሩ የሚቀበር የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ አልመክርም። ቱቦ ጠባቂ ይፈልጋል። ቅጠልና ጭራሮ አፉን ይደፍነዋል፣ ውሃው መንገዱን ይበጥሰዋል፣ አንቺ የምታውቂው ከወር በኋላ ነው። በየመሃሉ መንገዱን ራሱን ሰርጎድ እያደረግን እንሠራዋለን፦ ቁልቁል ሲወርድ የመጣው መንገድ 6 ሜትር ለሚያህል ርቀት በ3 በመቶ ቀና ይላል፣ ዝቅተኛው ቦታ ወደ ውጭ 3 በመቶ ያዘነብላል፣ መውጫው ላይ ድንጋይ ይደለደላል። ውሃው እዚያ ሲደርስ ወደ ጫካው ይወጣል። የሚደፈን ነገር የለውም። ዳገቱ 8 በመቶ ከሆነ በየ45 ሜትሩ ገደማ አንድ ነው። ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ዳገት ላይ ግን በደንብ አይሠራም፣ ለዚህም ነው ሪባን አሳሪ እዚያ ቁጥር ላይ ችክ ያለው።

ሌላው፣ በሰዓት ልትከፍዪ ከሆነ ሪባኑ ሳይታሰር ማሽን አታስገቢ። ሪባን የሌለው ኦፕሬተር ለማሽኑ በሚቀለው ነው የሚሄደው፤ እኔም ብሆን።

ሪባን አሳሪ፦

በሰርጓዱ እስማማለሁ፣ ሁለት ነገር ግን ልጨምር። ተሳቢ ያለው ረጅም መኪና ከሆነ የሚመጣው፣ ሰርጓዱ አጭርና ጥልቅ ሲሆን ሆዱ ይነካል፤ ወደ እሱ የሚወርደው በኩል 20 ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይሠራ። ደግሞ መስመሩ ላይ ከመሬት የሚመነጭ ውሃ ካለ፣ ዝናብ ባይኖርም የሚፈስ ማለቴ ነው፣ እዚያ ላይ ከቱቦ ማምለጥ የለም። ከ45 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቱቦ ግን አይግባ። ዋጋውን ብለሽ 30 ብትገዢ በአካፋ ልታጸጂው አትችይም።

የዳገት ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ለክቻለሁ። የአጎቴን ልጅ በትር አስይዤ ዞርን። የድሮው መንገድ 22 በመቶ ነው፤ ተዳፋቱ ራሱም ያው 22 ነው፣ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ። ከታች እስከ ላይ ያለው ከፍታ 48 ሜትር ሆነ። በ8 በመቶ ሪባን ማሰር ስንጀምር ግን ወሰናችን ጋ ደረስንና አለቀብን፤ መሬታችን ስፋቱ ያን ያህል አይደለም። መታጠፍ ግድ ነው። እዚያው ወሰኑ አጠገብ ላጥፈው ወይስ የጎረቤታችንን ጥግ ልጠይቅ? ጎረቤታችን በቃሉ «እለፉ፣ ምን ችግር አለው» ብሎኛል።

ሪባን አሳሪ፦

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 48 ሜትር ለመውጣት የድሮው መንገድ 220 ሜትር ገደማ ፈጀ። አንቺ በ8 በመቶ 600 ሜትር ያስፈልግሻል። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ባለ ዶዘሩ የሚስቅብሽ እዚህ ላይ ነው፣ ይሳቅ።

መታጠፊያውን «ወሰን ደረስኩ» ብለሽ ባለቀብሽ ቦታ አታድርጊ። ስሌቱን ተመልከቺ። ግንድ የጫነ መኪና ቢያንስ 15 ሜትር ሬዲየስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የታችኛውና የላይኛው መንገድ በ30 ሜትር ይራራቃሉ። 22 በመቶ በሆነ ተዳፋት ላይ 30 ሜትር ሽቅብ ማለት 6.6 ሜትር ከፍታ ነው። መታጠፊያው ራሱ ዙሪያው 47 ሜትር ነው። 6.6ን በ47 ስታካፍዪ 14 በመቶ! በጣም ገር መሆን ያለበት ቦታ ከመንገዱ ሁሉ የከፋ ዳገት ሆነ ማለት ነው። መኪናው እዚያ ጎማውን ያሽከረክራል፣ አፈሩን ይምሰዋል፣ በዝናብ የመጀመሪያው ጭቃ እዚያ ነው።

መፍትሔው ተዳፋቱ ላይ ለጥ ያለ ቦታ መፈለግ ነው። መሬቱ 10 በመቶ ብቻ የሆነበት ቦታ ካገኘሽ ያው 30 ሜትር 3 ሜትር ብቻ ይወጣል፣ መታጠፊያው ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ለጥ ያሉትን ቦታዎች ፈልጊ፣ መታጠፊያውን እዚያ ትከዪ፣ ከዚያ ከመታጠፊያው ወደ ላይም ወደ ታችም ሪባን እያሰርሽ ሂጂ። ዳገቱ አንዱ ጋ 7፣ ሌላው ጋ 9 ቢሆን ምንም አይደለም።

የጎረቤትን ነገር በቃል አትቀበዪ። እሱ ደግ ሰው ነው፣ ነገ መሬቱን የሚገዛው ማን እንደሆነ ግን አታውቂም። የመተላለፊያ መብቱ በየት እንደሚያልፍ፣ ስንት ሜትር ስፋት እንዳለው፣ ማን እንደሚጠግነው ተጽፎ፣ ውርስም ሽያጭም ቢመጣ እንዲጸና ሆኖ ይመዝገብ። ያ ካልሆነ ግማሽ መንገድሽን በሰው መሬት ላይ ነው የምትሠሪው። እኔን ከጠየቅሽኝ ሁለት ጊዜ ታጥፎም ቢሆን በራስሽ መሬት ይለቅ።

በእግሬ፦

እኔ የመኪናውን አላውቅም፣ የእግር መንገድ ግን ሥራዬ ነው። ለእናትሽ ለብቻው አውጪላቸው። የገረጋንቲ መንገድ ላይ ጠጠሩ ከእግር ሥር ይንከባለላል፤ ለታመመ ጉልበት ከዚያ የከፋ የለም፣ በተለይ ሲወርዱ።

የእኛ ደንብ ቀላል ነው፦ የመንገዱ ዳገት ከተዳፋቱ ግማሽ አይብለጥ። ከበለጠ ውሃው ተሻግሮ መውረዱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ያንቺ ተዳፋት 22 ከሆነ 11 ጣሪያው ነው። ለእሳቸው ግን በ5 እና በ6 በመቶ ሥሪው፣ በየመሃሉም ጥቂት እርምጃ ወረድ እያለ መልሶ ይውጣ። ጉልበት ያርፋል፣ ውሃም እዚያ ላይ ይወጣል፤ ባለ ስካቫተር ያለው ሰርጓድ ትንሹ ማለት ነው። ደረጃ አትሥሪ። ደረጃ የሚያምረው ለሠራው ሰው ነው።

ስፋቱ 1.2 ሜትር ይሁን፣ ክንዳቸውን ይዞ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው እንዲኖር። ቅጠሉንና ጥቁሩን አፈር እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ጥረጊው፤ በቅጠል ላይ የተረገጠ መንገድ በመጀመሪያው ዝናብ ያዳልጣል። ከዚያ ወደ ውጭ 5 በመቶ አዘንብዪው፣ እግር የማያስተውለው፣ ውሃ የሚያስተውለው ያህል። አግድም የተኛ የዛፍ ሥር ካለ መስመሩን አዙሪ እንጂ ሥሩን አትቁረጪ።

መታጠፊያ ካለው ከወፍራም ዛፍ ወይም ከቋጥኝ ጀርባ ደብቂው። ሰው የሚቀጥለውን መንገድ ከታች ካየው አቋርጦ ይወጣል፣ በአንድ ዝናብ ወቅት አዲስ ቦረቦር ይኖርሻል። ልጆች ካሉማ ተዪው። ምንጯ ጋ ስትደርሺ ደግሞ ከላይ በኩል አትምጪ፣ የመንገዱ ጭቃ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ከጎን ወይም ከታች አድርሺው፣ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊ።

የዳገት ልጅ፦

ለጥ ያለ ቦታ ሁለት አገኘን፤ አንዱ የድሮ ግንድ መከመሪያ ነበር መሰለኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የድሮውን መንገድ ምን ላድርገው? እንዲሁ ብተወው ይድናል?

ሪባን አሳሪ፦

እንዲሁ አይድንም፣ ውሃው መንገዱን ለምዷል። አዲሱ ከመከፈቱ በፊት ዝጊው። በየ12 እስከ 14 ሜትር ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ጉብታ መንገዱን አቋርጦ ይሠራ፣ ቀጥ ካለው አግድም መስመር ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ወደ መውጫው በኩል ቁልቁል ዞር ብሎ። ግራ ቀኙ ከፍ ስላለ ስካቫተሩ ለእያንዳንዱ መውጫ ዳሩን በስቶ ወደ ጫካው ይክፈትለት፤ መውጫ የሌለው ጉብታ ኩሬ ነው፣ ሞልቶ ሲፈነዳ የታችኞቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ከወንዟ አጠገብ ያለው የመጨረሻው መውጫ ወደ ወንዟ እንዳይሆን ተጠንቀቂ። ቦረቦሩ ውስጥ ቅርንጫፍ አስተኚ፣ ግን መሬቱን እስኪነካ ይረገጥ፣ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውሃው ከሥሩ ያልፋል። ላይና ታች መግቢያውን በወፍራም ግንድ ዝጊ፣ አለዚያ ሞተር ሳይክል መውጫ ያደርጉታል።

አዲሱን ደግሞ በደረቅ ወቅት አስቆርጪና አንድ የዝናብ ወቅት ሳያልፍበት የጫነ መኪና አታስገቢበት። እስከዚያ ሣር ዝሪበት፣ መንገዱ ላይ የሚያጠላውን ቅርንጫፍም ከፈት አድርጊው፤ ፀሐይ የማያየው መንገድ ቶሎ አይደርቅም። ዝናብ ሲጥል አካፋ ይዘሽ ዙሪው፣ ሰርጓዶቹ ላይ የተኛ ውሃ ካየሽ መውጫውን እዚያው ጥረጊ።

ባለ ስካቫተር፦

ሪባኑን ስትጨርሺ ጉቶ የሚነቀልላቸውን ዛፎች በቀለም ምልክት አድርጊባቸው። ሲቆረጡ ጉቶው አንድ ሜትር ያህል ቁመት ይተውለት፤ መሬት ልሶ የተቆረጠ ጉቶ ለባልዲ መያዣ የለውም፣ እሱን ስቆፍር የሚቆጠረው ሰዓት በአንቺ ላይ ነው።